ዌንዴል በአርባ ሰከንድ የጨረሰው ትምህርት

ውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ቀለል አለዎት? ሐኪሙ የሰጠዎትን ምርኩዝ መያዝ ጀመሩ ወይስ አሁንም በሩ ጥግ እንደቆመ ነው? የእህቴ የአይሪን ሳልስ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ጥሏል፤ ጠዋት ጠዋት መኪናዬ አልነሳም እያለች ከማስቸገሯ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ምን ሆነ ብለውኝ ነበር። ያን ዕለት መናገሩ ስላቃተኝ አሁን እጽፍልዎታለሁ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ እንደ ፎቅ በሚረዝሙት የእህል ጎተራዎች ለሚሠሩ ሰዎች የደኅንነት ትምህርት በድረ ገጽ እናዘጋጃለን። ቪዲዮውን ገጹ ውስጥ የማስገባው፣ ሠራተኛው መጨረሱን ለአሠሪው የሚያሳውቀውንም ጃቫስክሪፕት የሚባል የኮምፒውተር ትእዛዝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት መስመር ናት። ቪዲዮው መጨረሻው ላይ ከደረሰ «ጨርሷል» ብላ ትመዘግባለች፤ እንዴት እንደደረሰ አትጠይቅም።

በመከሩ ሰሞን ዌንዴል ሃራፒያክ የሚባል አዲስ ሠራተኛ የሃያ ሁለት ደቂቃውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ጎትቶ በአርባ ሰከንድ ጨረሰው። የምስክር ወረቀቱ ወዲያው መጣለት። በሦስተኛው ቀን፣ ቪዲዮው አጥብቆ የሚከለክለውን አድርጎ፣ ማሽኑ ከሥር እህል እየሳበ ሳለ፣ በርጥበት ተያይዞ የደረቀ ስንዴ ሊያፈርስ ጎተራው ውስጥ ገባ። እርስዎ ሠላሳ ዓመት ስለሠሩበት የሚሆነውን ያውቁታል። ስንዴው ከእግሩ ሥር ከዳውና እስከ ደረቱ ዋጠው። ከሦስት ሰዓት በኋላ በሕይወት አወጡት፤ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል።

የአርባ ሰከንዱን መዝገብ ለአለቃዬ ለኮሌት ሳሳያት፣ «ገጹ የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ደንበኛውም አልጠየቀን፣ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈርታ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ ሄጄ ስፈትሽ እንደ ዌንዴል ጎትተው ያለፉ ስድሳ አንድ ሰዎች አገኘሁ። ስማቸውን ጽፌ ለጎተራው ኩባንያ ራሴ ደወልኩ። በዚያው ቀን ሁሉም ጎተራ ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ኮሌት ሳምንት ሙሉ ዘጋችኝ።

ቅዳሜ ዌንዴል ቤት ሄጄ ጥፋቴን ነገርኩት። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሆኪ ያይ ነበር። አልተቆጣም። ከእንግዲህ ቪዲዮው እንዳይጎተት እንደቆለፍኩት ስነግረው ጎኑን ይዞ ሳቀ።

«እህቴ፣ ብትቆልፊውማ ከፍቼ ትቼው ቡናዬን ልቀዳ እሄድ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትንፋሽ ባስወጣ ቁጥር ስንዴው እየጠበቀ ደረቱን እንደያዘው፣ መልሶ መሳብ እንዳቃተው፣ የሴት ልጁን ስም ሊጠራ ሞክሮ አየር እንዳጣ አወራልኝ። ይህንኑ ካሜራ ፊት ይናገር እንደሆነ ጠየቅሁት። እሺ አለ።

አሁን ትምህርቱ የሚጀምረው እሱ በሚናገርበት የስድስት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። እዚያኛው ላይ መቆለፊያ አላደረግሁም፤ የፈለገ ጎትቶ ሊያልፈው ይችላል። ስድሳ አንዱ ሰዎች እንደገና ሲማሩ መዝገቡን ተከታተልኩ። አንድም ሰው አልጎተተም። አሥራ አራቱ ደግመው አይተውታል።

አይሪንን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ባለቤቷ ግሌን ጣሪያው ላይ ብቻውን እንዳይወጣ ይንገሩልኝ። ልጃቸው ትንሿ ቴሳ የላከችልኝ ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ነው ይበሏት። እርስዎም ሲተኙ ካልሲዎን አይርሱ።

ልጅዎ ናዲን
ሙስ ጆ፣ ሳስካችዋን
ኖቬምበር 17 ቀን 2018