አባዬ የሚያነብልኝ ፊዚክስ

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ፤ ከጠዋቱ 1 ሰ.
ዛሬም አሥራ አምስት ጥያቄ። ስምንት አገኘሁ። ሙቀት ላይ ነው የምሳሳተው። አባዬ ከአልጋው ሆኖ ያነብልኛል፣ መልሱን በመዳፉ ሸፍኖ። ሁለት ኪሎ ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 70 ለማድረስ ስንት ጁል? 42 ሺህ አልሁ። ዝም አለ። ዝም ካለ ተሳስቻለሁ። ለካ አንድ ዜሮ ጥያለሁ።

ማስታወሻዬ፣ አባዬ የተማረው እስከ ስምንተኛ ነው። ቆላ ድባ ወፍጮ ቤት ስንት ዘመን ሠራ። ሐኪሙ ሳንባህን የጎዳው የዱቄት ብናኝ ነው ብሎታል። ለሕክምና ብለን ጎንደር ገባን። ሦስታችን ወደ ወለቃ መውጫ በተከራየናት አንድ ክፍል። እኔም 12ኛን እዚሁ ጨረስሁ፤ የቀረኝ አገር አቀፍ ፈተናው ነው።

ሰኔ 9፣ እሑድ
እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዛ መጣች። አባዬ ጠጣ። ትንሽ ቀለል ያለው መሰለኝ። ጥ. 31፦ ሞተሩ 10 ኪሎዋት ይወስዳል፣ 7.5 ይሠራል። ብቃቱ? 75 በመቶ አልሁ። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። የእሱ የወፍጮ ሞተር እንዲህ ሸጋ እንዳልነበረ ነገረኝ። የቀረው ጉልበት የት እንደሚሄድ መጽሐፉን ሳያይ ያውቃል፦ ቺንጋው ላይ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ። ሲዞር የዋለ ቺንጋ እጅ ይፈጃል አለ። ሰበቃ የሚባለውን እንዲህ የገባኝ ዛሬ ነው።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ፤ ከቀኑ 9 ሰ.
ጥያቄውን ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ... አለና ትንፋሽ አጠረው። ቀሪውን እኔ በቃሌ ጨረስሁለት። በረዶው እስኪቀልጥ ሙቀት ይገባል፤ ቴርሞሜትሩ ግን አይንቀሳቀስም። ታዲያ ሙቀቱ የት ገባ ብሎ ጠየቀኝ፣ የምር። ቅንጣቶቹን ያላቅቃል አልሁት። አሰበ፣ አሰበና፦
«አይታይም እንጂ ሥራ ላይ ነዋ።»
ከዛሬ ጀምሮ እኔ አነብለታለሁ።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ
ሐኪሙ እማዬን ለብቻዋ ጠራት። ተመልሳ ልብስ ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበውን። አልጠየቅኋትም። ጥያቄ አልሠራሁም።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ
ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ሰኔ 30 እሑድ መግባት፣ ዓርብ መውጣት። ስልክ ክልክል። አያ ደሴ፣ የአባዬ ታላቅ ወንድም፣ ከቆላ ድባ መጣ። ፈተና ለከርሞም አለ፣ ልጅ ከአባቷ ራስጌ አትጠፋም አለ። እማዬ አቀርቅራ ቀረች። እውነቱን ነው ብዬ አሰብሁ። አባዬ የተኛ መስሎን ነበር።
«ትገባለች» አለ።

ሰኔ 30፣ እሑድ፤ ከጠዋቱ 2 ሰ.
ቦርሳዬን ዘጋሁ። አልገባም ብዬ ነበር ያደርሁት፤ ጠዋት ፊቱን ሳይ እንቢ ማለት አቃተኝ። ጉልበቱን ሳምሁ። መልሱ ላይ አሃዱን፣ ጁልና ዋቱን፣ እንዳትረሺ አለኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። ማስታወሻዬ፣ አንተን ፍራሹ ሥር ትቼህ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ
የቤታችን በር ላይ አያ ደሴ ቆሟል። ነጠላውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ። ገባኝ።
ሰኞ ነው ያረፈው። ማክሰኞ ተቀበረ።
ማክሰኞ እኔ እንግሊዝኛ ተፈተንሁ። ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አንዷ ስታወራ በሳቅ ፈረስሁ። ሆዴን ይዤ። አባቴ አፈር ገብቶ።
ረቡዕ ፊዚ. ነበር። ሠራሁ። ወጥቼ ለአባዬ የምነግረውን ጥያቄ ሁሉ በቃሌ ይዤ ነበር።

ሐምሌ 7፣ እሑድ
ለቀስተኛ አላቋረጠም። ከቆላ ድባ እህል ሲያስፈጩ የነበሩ ሴቶች፣ ለቀብሩ የመጡት፣ ዛሬም በመኪና መጡ። ሁሉም ስለ እሱ ያወራሉ፤ ሲቀበር ግን እነሱ ነበሩ፣ እኔ አልነበርሁም። እማዬን አላናግራትም። ምነው ሰው አልላክሽም አልኋት አንድ ጊዜ ብቻ።
«አስምሎኝ ነው» አለች። «እስክትወጣ እንዳትነግሪያት ብሎ በታቦት አስማለኝ። እኔ ምን ላድርግ?»


ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ፤ ከጠዋቱ 3 ሰ.
አያ ደሴ ዛሬ ይመለሳል። ሊሰናበተኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ማክሰኞ ከቀብር መልስ እማዬ ለቀስተኛውን ትታ እስከ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር በእግሯ ሄዳለች። ጥበቃዎቹ ምን ፈልገሽ ነው ቢሏት ምንም አላለችም። አጥሩ ሥር ተቀምጣ ቆይታ ተመልሳለች።
እኔ ውስጥ ነበርሁ። እሷ ውጭ።
አሁን ጓሮ ናት፣ የአባዬን ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። አንድም ቀን ፈተናው እንዴት ነበር አላለችኝም። ፈርታኝ ነው።
ቆርጫለሁ። አሁን ወጥቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ። የማክሰኞውን ሳቅ ሳልደብቅ እነግራታለሁ። እሷም የሰኞን ትነግረኛለች፣ አባዬ ምን እንዳለ፣ ማን እጁን እንደያዘው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።