ጠላ የሌለበት ማኅበር

ልጄ ሌንጮ፣ የሰው አገር ፊቱን ያብራልህ፤ ማርያም ካለህበት ትጠብቅህ።

እኛ ደህና ነን። ሰበታ ግን ከማስተር ፕላኑ ረብሻ ወዲህ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ ወታደር የሚመጣባት ከተማ ሆናለች። በዚህ መሀል አባትህ በየሐሙሱ «ማኅበር አለብኝ» እያለ መውጣት ጀመረ። የምን ማኅበር ብለው፣ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። መጠጥ ወዳጁ አባትህ ሲመለስ ጠላ አይሸትም! ጠላ የማይቀመስበት ማኅበር የት አገር አለ? ወይ ከሚረብሹት ጋር አድሟል፣ ወይ ሴት ይዟል ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኩት።

የገባው የእድራችን ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት ነው። በመስኮቱ ጆሮዬን ብሰጥ፣ አባትህ ሰው ፊት ቆሞ «ዲሪባ እባላለሁ፤ መጠጥ አሸንፎኛል» ይላል። ማንም አልሳቀበትም። ሁሉም እንደሱ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ናቸው። ለካ ማኅበር ያሉት፣ ስብሰባ ካልነው ወታደር ይጠረጥረናል ብለው ነው።

እኔ ግን አሁንም አላመንኩትም፤ ሲገባ አፉን አሸታለሁ።

አንተም ስትደውል ምላስህ ይከብዳል። «ድካም ነው እማ» ትለኛለህ። አባትህም ድካም ነው ይለኝ ነበር። እዚያም እንዲህ ያለ ማኅበር አይጠፋምና ፈልግ። ዋቃ መንገዱን ያሳይህ። በስልክ አፍ ማሽተት አልችልምና፣ እውነቱን አንተው ንገረኝ።

እናትህ ወርቅቱ