የአባትህን መዝሙር ማን ያውጣ?

ለምወድህ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሃል? ደህና ትበላለህ ወይስ ካሜራ ፊት ትወፍራለህ እያሉ ያስርቡሃል? እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህትህ ዞራም ደህና ናት። ላሟ ወልዳ አሬራው ሞልቷል፤ በበቆሎ ዳቦ የሚያጣጥምልኝ ሰው ነው የጠፋው።

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። ሥራ ስለበዛብህ ለአባትህ መታሰቢያ አትመጣም አሉ! አባትህን በጥር በረዶ ቀብረን፣ ሰባኪውም ዘመዱም የሚመጣበት መንገድ እስኪደርቅ ይኸው የነሐሴን ፀሐይ ስንጠብቅ ከረምን። መቃብሩ አጠገብ መዝሙሩን የሚያወጣለት የበኩር ልጁ እንደሆነ ታውቃለህ። አጎትህ ኦርቪል «እኔ ላውጣለት» ቢለኝ «አንተ አርፈህ ተቀበል!» አልኩት። ተቀየመኝ። ይቀየም።

ቅዳሜ አዲሱ ፊልምህ ከተማ ገብቶ የሸለቆው ሰው በጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። ከሬዲዮ ወደ ሸክላ፣ ከሸክላ ወደ ሲኒማ ስትወጣ ያልጎረርኩበት ጎረቤት መች አለ? በፈረስ ብቅ ስትል ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ጮኹብኝ። ከዚያ ባንጆህን አንስተህ መዝፈን ጀመርክ። አፉ ያንተ፣ ጣቶቹ ያንተ፤ ድምፁ ግን የማን እንደሆነ እንጃ! አንተ ከፍ ያለውን ዜማ ስትይዝ እንደ አባትህ በአፍንጫህ ጭምር ነው የምትዘፍነው። ያኛው እንደ ማር የለሰለሰ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። ዞራ «እማዬ፣ አቤት ሲያምር!» አለችኝ።

ለገና በሱቁ ስልክ ስትደውልልኝ ድምፅህ ጎርንኖ ነበር፤ «ጉንፋን ነው» አልከኝ። ለፋሲካም «ጉንፋን ነው»። አሁን ደግሞ ስልኩም ቀርቶ ቴሌግራም። እኔን ነው የምታታልለው አንተ ቀጣፊ? ፊልሙ ላይ ያ የአንገት ጨርቅህስ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ለምን አልወለቀም? ጠባሳ ሊሸፍን? ድምፅህ ሲጠፋ ማን አስታመመህ ልጄ? ማን ውሃ አቀበለህ? ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አልቆጣህም፤ ብቻ ና። መዝሙር ማውጣት እኮ ዘፋኝነት አይደለም። ሽማግሌው ኢላይሻ ጥርስ የሌለው፣ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል፣ የስንቱን ሰው መዝሙር አወጣ! እሱ ስንኙን ይላል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ያዜማል። አንተም ስንኙን በል፤ በሹክሹክታም ይሁን። አጠገብህ እቆማለሁ። ያልሰማሁትን ከከንፈርህ አነብና ለሰዉ አቀብላለሁ። ዜማው የእኛ ዕዳ ነው።

ለዞራም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ሁሉ ይጋርድህ። አንተ ካልመጣህ ለአባትህ መዝሙር የሚያወጣ ሌላ ሰው የለኝም፤ ዝም ብለን ቆመን እንመለሳለን።

ምንም ሳትናገር ብትመጣም የምትሰማህ
እናትህ