እማማ አበበች የሳሉት በር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1972፣ ሆሳዕና

ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ፣ ገበያው ዳስ ሥር ለሚያድሩት ሥዕል ሳስተምር፣ እንደ ሞኝ «የነበራችሁን ቤት ሳሉ» አልኳቸው። እማማ አበበች በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ በከሰል የሳሉት፣ ቀበሌው አምና ያከራየኝን፣ ከባለቤቱ የተወረሰ ቤት ነው። የተሰነጠቀው ደፍ፣ ጎባጣው ምሰሶ፣ ሁሉም አለ። ጓዳው ውስጥ ግን የማላውቀው በር ስለዋል።

«እዚህ ጋ እኮ በር የለም» አልኩ፤ አመለጠኝ።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አለ እንጂ። ልጄ ገነት እዚያ ነው የምትተኛው። ስትራመጂ ቀስ በይ።»

ቤት እንደገባሁ የጓዳውን ቁም ሳጥን ገፋሁት። ከኋላው በር የሚያህል ቦታ በምርጊት ተደፍኗል። ጆሮዬን ልለጥፍበት ብዬ ፈራሁ። ቁም ሳጥኑን ወደ ቦታው መለስኩት፤ እንዳይንኳኳ አንስቼ።

ይኸው ጫማዬን አውልቄ ተቀምጫለሁ።