ብርድ መትቶት ሞተ ስለተባለው ግራፊክስ ካርድ

«በንባብ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል የሚገኘው ግራፊክስ ካርድ ከአገልግሎት ውጭ የሆነው፣ ተጠቃሚው ኢንጂነር አሰን ቱርላኮቭ የመከላከያ ቁምሳጥኑን በር በተደጋጋሚ በመክፈት መሣሪያው ሞቆ ባለበት ሰዓት ለነፋስ ስላጋለጡት መሆኑን ኮሚቴው አረጋግጧል። ስለዚህ ተጠቃሚው ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ተወስኗል። ሴፕቴምበር 12 ቀን።»

ለጎርኒ ብሮድ ከተማ ንባብ ቤት ዳይሬክተር፣ ለተከበሩ ወይዘሮ ዝላቲና ቡርሞቫ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ሆነ ከላይ የጠቀስኩትን ቃለ ጉባኤ ለፈረሙት ሁለት ባልደረቦችዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ፤ በተለይም ከነፋስ ይጠብቃችሁ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በእጄ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ሳይደርሱ መንገድ ላይ መቅረታቸውን ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ፣ ጋዜጣው ግን በየማለዳው ያለ ችግር እንደሚደርስዎ ስለማውቅ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ባለ ሦስት ቅስቱ የድንጋይ ድልድያችን ተሰንጥቋል። ኦክቶበር 24 ቀን የከተማው ምክር ቤት ይሰበሰብና የእያንዳንዱ ድንጋይ ልክ የሚታይበት ሥዕል ካልቀረበለት መካከለኛውን ቅስት በኮንክሪት ያስሸፍነዋል። ኮንክሪት ደግሞ አንዴ ከፈሰሰ ተመልሶ አይጠረግም። ሠላሳ ዓመት በቅየሳ ሥራ ላይ የቆየሁ መሐንዲስ ስለሆንኩ፣ በበጋው ከጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ የድልድዩን ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ፎቶግራፎች አነሳሁ። ፎቶግራፎቹን ገጣጥሞ ልክ የሚያወጣው ፕሮግራም ብርቱ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስል የሚያሰላ የኮምፒውተር አካል፣ ይፈልጋል፤ በከተማችን እንዲህ ያለ ካርድ የሚሸከም ኮምፒውተር ያለው በእርስዎ ንባብ ቤት ብቻ ነው። ሥራው ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው በሙቀት ራሱን እያጠፋ ስድስት ጊዜ እንደ አዲስ አስጀምሮኛል። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ስለ ቁምሳጥኑ። ኮምፒውተሩን ከአቧራ፣ ከነፋስና ከሌባ ለመጠበቅ ሲባል በሩ ሲዘጋ ፀጉር በማያሳልፍ የኦክ ቁምሳጥን ውስጥ ስላስገቡት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ዳሩ ግን ኮምፒውተር ቀዝቃዛ አየር ከፊት ስቦ የሞቀውን በኋላ የሚያስወጣ ዕቃ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ሲዘጋበት የተፋውን መልሶ ይስባል። በቴርሞሜትር ለክቻለሁ፤ ክፍሉ 24 ዲግሪ ሲሆን የቁምሳጥኑ ውስጥ 51፣ ካርዱ ደግሞ 93 ደርሶ ነበር። በሩን ከፍቼ ያንኑ ሥራ ሳስጀምር ካርዱ ከ78 አላለፈም። አሥራ አምስት ዲግሪ የወረደው በሩ በመከፈቱ ብቻ ነው።

በሩን አሥራ አንድ ጊዜ መክፈቴን አልክድም፤ አንድ ጊዜም እንዳይዘጋ ወንበር አስደግፌበታለሁ። በየጊዜው ደርሰው የሚዘጉት የንባብ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አክስት ፔንካ ነበሩ። «አንተ ኢንጂነር፣ ተምረሃል ይሉኛል! ላብ አጥምቆት ሳለ በር ትከፍትበታለህ? እኔ ባሌን የቀበርኩት እኮ በአውቶቡስ መስኮት በገባ ነፋስ ነው!» አሉኝ። ብረት ብርድ አይመታውም ብዬ ላስረዳቸው ብሞክር፣ «ብረትማ ቢሆን ለምን ይተኩሰዋል?» ብለው ረቱኝ። ማታ ሲሄዱም የሱፍ ብርድ ልብስ አጥፈው ኬዙ በሚባለው የኮምፒውተሩ ሣጥን ላይ ያለብሱት እንደነበር በኋላ ደርሼበታለሁ። በእርሳቸው ቅር አይለኝም፤ የመሰላቸውን ያደረጉት ከልባቸው አስበው ነው። እኔን የሚገርመኝ የእርሳቸው ስጋት ሦስት ፊርማና አንድ ማኅተም አግኝቶ የኮሚቴ ግኝት መሆኑ ነው።

2ኛ. ስለ ማራገቢያዎቹ። ኬዙ ሦስት ማራገቢያዎች አሉት፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ። የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ከፊተኞቹ ፊት ይዤ ሳይ፣ ወረቀቱ ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ እኔ ተገፋ። ሦስቱም አየር ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ የሚያስገባ አንድም የለም። ሁለቱን ለማዞር የሚፈቱት ስምንት ብሎኖች ናቸው። ሴፕቴምበር 3 ቀን ፈቃድ ስጠይቅዎ በኮሪደሩ ላይ ቆመው «ኢንጂነር፣ ፋብሪካ ያወጣውን እኛ እናፍርሰው?» አሉኝ። ኮምፒውተሩን የገጣጠሙት ፋብሪካ ሳይሆን የራስዎ ቴክኒሻን ናቸው። እርሳቸውን ብጠይቃቸው ደግሞ «ይዞራል አይደል? ታዲያ ምን ሆነ?» ብለው ቡናቸውን ይዘው ሄዱ። ለዚህ ጥልቅ ማብራሪያ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ ቀኑ። ካርዱ የሞተው ሴፕቴምበር 13 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ መዝግቦታል። የሞቱን ምክንያት ያረጋገጠው ቃለ ጉባኤዎ የተጻፈው ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን ነው። ታማሚው ገና እየተነፈሰ አስከሬኑን መርምሮ ላጠናቀቀ ኮሚቴ ትጋቱን ሳላደንቅ አላልፍም። የጽሕፈት ስህተት ነው ካሉኝ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። በ13 ጠዋት ስገባ የቁምሳጥኑ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ መክፈቻው እርስዎ ቢሮ ነበር፤ ስክሪኑና ኪቦርዱ ውጭ ስለሆኑ ግን ሥራውን አስጀመርኩ። ካርዱ በተቃጠለበት ቀን በሩ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ታዲያ ነፋሱ በየት ገባ? የእኔም ጥፋት አለበት፤ ሙቀቱ ዘጠናን ሲያልፍ ማቆም ነበረብኝ፤ የምክር ቤቱ ቀን ስለተጠጋብኝ ግን አላቆምኩም። ይህን ጥፋቴን ቃለ ጉባኤዎ አልጻፈውም፤ እኔ ልሙላበት።

4ኛ. ስለ ጥድፊያው። በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የተቃጠለው ካርድ ኦክቶበር 11 ቀን እንደሚወገድ አነበብኩ። ዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ፊደሎቹ የረገፉ የጽሕፈት መኪናዎች ከተማሪነቴ ዘመን ጀምሮ ሳይወገዱ ተደርድረዋል። አንድ መርማሪ ባለሙያ ሊያየው የሚገባው ካርድ ግን አንድ ወር እንኳ አልተፈቀደለትም።

ቁምሳጥኑንም በቅርብ ሳየው በሩ ላይ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አገኘሁ። የለጋሹ ስም ተቀርጾባታል። ለጋሹ በድልድዩ ላይ ኮንክሪት የማፍሰሱን ሥራ ለመውሰድ ለምክር ቤቱ ያመለከተው ድርጅት ነው። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ አላልኩም። አይገናኙም የሚል ሰው ግን በጽሑፍ እንዲነግረኝ እሻለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው ጥቂት ነው። ካርዱ ሳይመረመር አይወገድ። ሶፊያ ከተማ ያለ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የራሱን ካርድ ሊያውሰኝ ፈቅዷል፤ የቤቴ ኮምፒውተር ስላረጀ ካርዱን አይሸከምም። ከኦክቶበር 13 እስከ 23 ባሉት ቀናት ውስጥ አንድ ቀን፣ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ሰዓት፣ ማራገቢያዎቹ ዞረው፣ ኬዙም ከቁምሳጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንድሠራ ይፈቀድልኝ። አክስት ፔንካ ከፈለጉ አጠገቤ ተቀምጠው ይጠብቁኝ። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ካልተፈቀደ፣ በዚያ ቅስት ላይ ኮንክሪት ሲፈስ የከተማው ሰው ሁሉ ፈቃዱን የከለከለውን እጅ በስም ይወቀው።

ለንባብ ቤቱ ላሳዩት የማይበገር ጥበቃ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከክፍሉ ውጭ፣ በር ላይ ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣

አሰን ቱርላኮቭ
የቅየሳ መሐንዲስ

ተጨማሪ፦ የእገዳውን ደብዳቤ ልቀበል ቢሮዎ በመጣሁ ቀን ሁለቱም መስኮቶችና በሩ ወለል ብለው ተከፍተው፣ ከኋላዎም አንድ ትልቅ ማራገቢያ ይዞር ነበር። ጸሐፊዎ «ሙቀት አይችሉም፣ ካልነፈሰባቸው ሥራ አይሠሩም» አሉኝ። በእውነቱ የአየሩ አቅጣጫ እንከን አልነበረበትም፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መልሱን እዚያው ነፋሱ ውስጥ ተቀምጠው ቢጽፉልኝ ቅር አይለኝም፤ ብቻ በፊርማና በማኅተም ተደግፎ እስከ ኦክቶበር 10 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እጄ ይግባ።