አክረም የያዛት ሰማያዊ አውሬ

ሪችፊልድ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? የኮሎምበስ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ምግብስ መብላት ጀመርሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማ አርባው ካለፈ ወዲህ ትንሽ በርትታለች፤ ሥራም ገብታለች።

በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ተውኩት።

ቅዳሜ እማማ የወንድማችንን የአክረምን ልብስ ለሰደቃ ስትለይ ያቺን የድሮ የእጅ ጌም አገኘች፤ አውሬ እየያዝን የምናሳድግባትን። “ለአክስትህ ልጅ ለሚካኢል ስጠው፣ ደስ ይበለው” አለችኝ። ጌሟ ሴቭ የምታደርገው የአንድ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው። ሚካኢል አዲስ ከጀመረ የአክረም ይጠፋል። አንዴ ልየው ብዬ ባትሪ ቀይሬ ከፈትኳት። ጌሙ ውስጥ የእሱ ተጫዋች ሐይቁ ዳር ቆሞ አገኘሁት። መጨረሻ የያዛት ሰማያዊ አውሬ ስሟ ያንቺ ስም ነው።

እትዬ፣ ለቀብሩ መጥተሽ “ደውዬ ባልቀሰቅሰው ኖሮ መሪ ላይ እንቅልፍ አይጥለውም ነበር” እያልሽ ስታለቅሺ አጠገብሽ ነበርኩ። እውነቱን ደበቅኩሽ።

አክረም ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የዋለ ቀን በበረዶው ምክንያት ትምህርት አልነበረም። ሻኮፒ የሌሊት ሥራ አድሮ ጠዋት ሲገባ፣ ሁሌ የምታመልጠኝን አውሬ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። “አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ከፊቴ ዞር ትልልኛለህ!” አለኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስትደውዪ ገና ሶፋው ላይ ነበርን። ቶሎ እንድትለቂው ብሎ ነው ድምፁን እንደ ተኛ ሰው ያደረገው። እኔ አፌን በትራስ አፍኜ እስቅ ነበር። ስልኩን እንደዘጋ አውሬዋን ያዛት። “እህትህን ትመስላለች፤ ሰው አታስተኛም” ብሎ ስምሽን ሰጣት። ሌላም እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ለሥራ እስኪወጣ ፈለግን፣ አላገኘንም።

በማግስቱ እማማ “ቀን ተኝቶ ነበር?” ስትለኝ፣ “አዎ፣ እህቴ ደውላ እስክትቀሰቅሰው” ያልኳት እኔ ነኝ።

ስልክሽ አልቀሰቀሰውም፣ እትዬ።

ጌሟን ለሚካኢል አልሰጠሁትም፤ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። “አዲስ ጨዋታ” የሚለውን እንዳትነኪ። ለእማማ እስከ እሑድ ምንም አትበያት፤ ከእኔ አፍ ትስማው። ከዚያ በኋላ ብትቆጪኝም፣ ዝም ብትዪኝም እችለዋለሁ።

አላህ ለእሱ ጀነትን፣ ለእማማ ትዕግሥትን፣ ላንቺ እንቅልፍን ይስጥ።

ታናሽ ወንድምሽ