ያልነፈሰው ነፋስ

ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ሙቀት ሲበረታ የሚነሳብሽ ራስ ምታት እንዴት አድርጎሻል? አቴና በዚህ ወር እንዴት እንደምታቃጥል አውቃለሁና አሳቤ እዚያው ነው። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን የሃምሳ ዓመት ሰው ጉልበት ነው፣ ምን ይደረጋል። ጀልባዋን ናክሶስ ወደብ አስሬያታለሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ አጠብኩና የሚታጠብ ሌላ ነገር ስፈልግ ቆየሁ። ልጃችን ካሊሮይ ከሄደች ገና አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ከዳኝ፤ ስለ ትምህርት ቤት መጻሕፍቷ ጠይቄሽ ዘጋሁት። ስለዚህ በወረቀት ይሁን።

አስቀድሜ ደስታውን ላውራሽ፤ ልጅሽ ወሬ እንደምትቆጥብ አውቃለሁ። ከኢራክሊያ ስኪኑሳ፣ ከስኪኑሳ ኩፎኒሲ እያልን በየደሴቱ እያደርን ሄድን። ጠዋት ዓይኗን በቅጡ ሳትገልጥ ከጀልባዋ አፍንጫ ዘላ ውሃ ትገባለች፤ ቁርስ ከዚያ በኋላ ነው። በመጥለቂያ መነጽር ድንጋይ ለድንጋይ ኦክቶፐስ ስታሳድድ ትውላለች፤ አንድም አልያዘችም፣ ግን የእያንዳንዳቸውን ቤት ታውቃለች። በውሃ ስኪ ከጀልባዋ ኋላ እየጎተትኳት ስትወድቅ፣ ስትወድቅ፣ አራተኛው ላይ ከውሃ ብቅ ብላ «አባዬ፣ ባሕሩን እኮ ጠጥቼ ጨረስኩት!» አለችኝ። አምስተኛው ላይ ቆመች። እኔ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

ከሁሉም የወደደችው ግን ሸራ ያለውን ሰሌዳ ነው። የማውቀውን ሁሉ አስተማርኳት፤ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ባንገቷ እንድትሰማ፣ ውሃው ሲጠቁር እንድትዘጋጅ፣ ነፋሱ ሲበረታ ትንሹን ሸራ፣ ሲላላ ትልቁን እንድታስር። እኔ ራሴ ልሞክር ብዬ በጀርባዬ ስወድቅ፣ «ካፒቴን ነኝ እያልክ ነው ሰው የምታታልለው?» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ መጨረሻ ዶኑሳ ስንደርስ እኔ የማላየውን ነፋስ ታይ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስንለያይ ያስቀመጥሽው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ነሐሴ ያንተ ነው፣ ነገር ግን ባልነው ቀን ትመልሳታለህ፤ አንድ ጊዜ ብትዋሸኝ ነሐሴ የሚባል የለም። እኔም እሺ ብዬ እጅሽን ጨበጥኩ። ዘንድሮ መመለሻዋ ከፍልሰታ ማርያም ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር፤ በዓሉም በማርያም ስም ለተጠራሽው ለአንቺ የስምሽ ቀን ነውና እህቶችሽን ሁሉ ጠርተሻል፣ ግልገሉም ምድጃ ሊገባ ነው።

በመመለሻዋ ቀን ጠዋት መልተሚ፣ ያ የሰሜኑ ነፋስ፣ ይነፍስ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ሬዲዮውም ኃይለኛ ነው ብሏል፤ አንቺም አቴና ሆነሽ ሰምተሻል። ግን የበጋ ነፋስ ነው፣ እኛ ቁርስ የምንበላበት ዓይነት። እኔ ዶኑሳ ወደብ ላይ ያለው የባርባ ሊናርዶስ ቡና ቤት ገብቼ ደወልኩልሽና መርከቦች ታግደዋል፣ ወደቡ ተዘግቷል አልኩሽ። አንቺ የሜዳ አገር ልጅ ነሽ፤ ታግዷል ሲባል ማንም እንደማይከራከር፣ ነፋስ እንደማይከሰስ እኛ ደሴተኞቹ ነን ያስተማርንሽ። ከዚያ «የነፋስ ጌታ አይደለህ፣ ምን ታደርግ» ብለሽ አጽናናሽኝ። ልጅሽን የሰረቀሽን ሰው አጽናናሽ።

ስልኩን ሳልዘጋ በመስኮቱ በኩል ልጃችንን ወደ አንቺ የምትወስደው መርከብ ወደቡ ውስጥ ስትዞር አየኋት። በሰዓቷ ነው የመጣችው። ሽማግሌው ባርባ ሊናርዶስ ብርጭቆ እየወለወለ፣ «ታግዶ እንዲህ የሚያጨስ መርከብ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ዝም እንዲልልኝ ለመንኩት። «እኔ ዝም እላለሁ፤ እውነትና ንጋት ግን እያደር ይጠራል» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ካሊሮይ በኮረብታው ማዶ፣ ጀልባዋ በቆመችበት የባሕር ወሽመጥ ነበረች፤ መርከቧን አላየችም። ታግዷል አልኳት፣ እሺ አለች። በማግስቱም እንዲሁ። ለምን እንዳደረግኩት ትጠይቂኝ ይሆናል። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብቸኝነት ነው። እሷ ስትሄድ ጀልባዋ ውስጥ የሚቀረውን ዝምታ ለሁለት ቀን፣ ለሦስት ቀን ላዘገየው ፈለግኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ በበዓሉ ጠዋት፣ «ዛሬም መርከብ የለም» አልኳት። ሰማዩን አየች፣ ውሃውን አየች። ከዚያ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ወርዳ ትልቁን ሸራ ይዛ ወጣች። እያየኋት ዘርግታ፣ ወጥራ አሰረችውና ወሽመጡን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላ ተመላለሰችበት። መርከብ በሚያግድ ነፋስ እንኳን ትልቁን፣ ትንሹንም ሸራ የሚያነሳ ሰው የለም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ቀትር ላይ አብረን ወጥተን ደወልንልሽ። አንቺ እሷን አቅርብልኝ አልሽ። አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ፤ «አዎ እማዬ፣ አስፈሪ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ገመዱ ሲጮህ አደረ። አባዬ ምን ያድርግ? እንኳን አደረሰሽ» አለችሽ። ድምፅዋ ምንም አልተንቀጠቀጠም። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ለእኔ ስትል፣ ለእናቷ ዋሸች። ከቡና ቤቱ ስንወጣ ዓይኔን አላየችውም።

ማታ መንደሩ ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቦ ሲበላና ሲጠጣ፣ ቫዮሊኑም ሲጫወት፣ የባርባ ሊናርዶስ እህት ካሊሮይን ለጭፈራ ብትጎትታት አልነሳም አለች። አጠገቤ ተቀምጣ ዳቦ ስትቆራርስ ቆየችና «አባዬ፣ በብርድ ወራት ከማን ጋር ነው የምትበላው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሬዲዮ ጋር አልኳት፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ልጅቷ ሦስቱን ቀን የቆየችው በእኔ ውሸት ሳይሆን በራሷ አዘኔታ ነው።

በማግስቱ መርከብ ላይ ስትወጣ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ቀደመችኝ። «ለእማዬ እንዳትነግራት። ከነገርካት በሚመጣው ዓመት አትልከኝም» አለችኝና አንገቴን አቅፋ ሄደች።

እነሆ እየነገርኩሽ ነው። ነሐሴን ብትወስጂብኝ ቃልሽ ነውና አልከራከርሽም። በእሷ ላይ ግን አትቆጪ፤ ስልክ ላይ ያለችሽ የእኔ ውሸት ነው፣ በአፏ ቢወጣም። የእኔን ዕዳ ተሸክማ ትምህርት ቤት እንድትገባ አልፈልግም። ተናግሮብኛል ብላ ከተቆጣችኝም ትቆጣኝ፤ ከእናቷ ፊት እየሸሸች ከምታድግ እኔን ብትጠላኝ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እሷ የተወለደች ጊዜ ሐኪም ቤት የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ነፋሱ አሞርጎስ ደሴት ላይ ያዘኝ አልኩሽ፤ ያን ጊዜም የያዘኝ ነፋስ አልነበረም። አንቺም «ዋናው በሰላም መምጣትህ ነው» ብለሽ ሕፃኗን አስታቀፍሽኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሽኝም። እስከ ዘንድሮ ድረስ አምነሽኝ ነው ብዬ ኖርኩ። ልጅሽ ከአንቺ ጋር ስትነጋገር አጠገቧ ቆሜ ከሰማኋት ወዲህ ግን እንዲያ ብዬ ማሰብ አቃተኝ።

የስምሽ ባለቤት ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ፤ ቤትሽን በሰላም፣ ማዕድሽን በሰው ትሙላልሽ። ልጃችንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ምክንያቱን አትንገሪያት።

የልጅሽ አባት